የብስክሌተኛ ድካም፦ የትኛው ያልፋል፣ የትኛው ይቆያል?

ሁለት ብስክሌተኞችን እናስብ። ሁለቱም እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ በሱሉልታ አልፈው፣ ጫንጮ ደርሰው ተመለሱ። ሰኞ ጠዋት ደረጃ ሲወጡ የሁለቱም ጭን ከበደ፤ ሁለቱም «እግሬ ባዶ ሆነ» አሉ። አንደኛው በደንብ በላ፣ በደንብ ተኛ፣ ሐሙስ ዕለት ያንኑ ዳገት ከወትሮው ቀልሎት ወጣው። ሁለተኛውን ግን ሐሙስም፣ በሚቀጥለው ሐሙስም፣ ከወር በኋላም ያ ባዶነት አልለቀቀውም። ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የመረመረ ሐኪም በደም ምርመራ ብቻ ሊለያቸው ባልቻለ ነበር።

ይህ ማብራሪያ ስለ እነዚህ ሁለት ድካሞች ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 የሦስት ሳምንት ውድድር በሆነው በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ፣ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወስዷል። በ2025 ደግሞ ኪጋሊ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናግዳለች። ዛሬ ረጅም ርቀት መጋለብ የሚመኝ የአካባቢያችን ወጣት አርአያውን በቅርብ ያያል። ምኞቱ መልካም ነው። አብሮት የሚመጣው «ያልደከመ አልሠራም፣ ያረፈ ሰነፈ» የሚል እምነት ግን ብዙ ተስፋ የተጣለባቸውን ልጆች መንገድ ላይ ያስቀራል። እኔን ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝም እሱ ነው።

ድካም ስንል ምን ማለታችን ነው?

አራት ሰዓት የጋለበ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ብዙ ነገር ይጎድላል። ቀድሞ የሚያልቀው ስንቅ ነው። ጡንቻና ጉበት ከእንጀራው፣ ከዳቦውና ከፓስታው ያገኙትን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻሉ። የአንድ ጎልማሳ ጠቅላላ ክምችት ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በጠንካራ ግልቢያ፣ መንገድ ላይ ምንም ካልተበላ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሲሟጠጥ እግር ይዝላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳብ ይበታተናል። በቂ ምግብ ከተገኘ ግን ጎተራው በአንድ ቀን ገደማ መልሶ ይሞላል።

በላብ የወጣው ውኃና ጨው በሰዓታት ውስጥ ይተካል። በጡንቻ ክሮች ላይ የደረሰው ጥቃቅን ጉዳት ለመጠገን ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ድካም ደግሞ አለ፤ ጡንቻን የሚያዝዘው የነርቭ ሥርዓትና ከእርሱ ጋር ተያይዘው የሚሠሩት ሆርሞኖች ድካም ነው። ይህኛው እንደ ጡንቻ ሲነኩት አያምም። የሚታየው በእንቅልፍ፣ በምግብ ፍላጎትና በጠባይ ነው።

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ቀሪውን በቀላሉ ይረዳዋል። መጀመሪያ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ግድግዳው ላይ ይመረጋል። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ስንጥቁን አይፈራውም፤ ሁለተኛው ልስን ቆንጥጦ የሚይዘው በእርሱ ነውና። የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ምርጊቱ ሳይደርቅ በላዩ ሌላ ጭቃ ከተደረበ ክብደቱ ሁለቱንም ይዞ ይወርዳል። ልምምድ ጭቃው ነው፤ እረፍት ማድረቂያው ፀሐይ ነው። ብስክሌተኛ ጉልበት የሚጨምረው ዳገት ላይ ሳለ አይደለም፤ ዳገት ላይ ሳለማ እየደከመ ነው። የሚበረታው ወርዶ፣ በልቶና ተኝቶ ሰውነቱ የጎደለውን ሲተካ፣ ሲተካም ከበፊቱ ትንሽ አትርፎ ሲተካ ነው።

ስለዚህ ድካም በራሱ የጥፋት ምልክት አይደለም። ጨርሶ የማይደክም ሰው ጨርሶ አይሻሻልም።

ታዲያ «ከልክ ያለፈ ልምምድ» የሚባለው የት ላይ ይጀምራል?

የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2013 በጋራ ያወጡት ሰነድ ድካምን በደረጃ ይለያል። የደረጃዎቹን ስም እንዲገባን አድርጌ ልተርጉመው።

የመጀመሪያው ፍሬያማ ጫና ነው። ብስክሌተኛው ሆን ብሎ ለጥቂት ቀናት ወይም ለአንድ ሁለት ሳምንት ከወትሮው በላይ ይሠራል፤ አቅሙ ለጊዜው ይወርዳል፤ ሲያርፍ ግን ከነበረበት ከፍ ብሎ ይመለሳል። አሰልጣኞች የልምምድ ካምፕ የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ፍሬ አልባ ጫና ነው። ሰውየው ይወርዳል፣ ለመመለስ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስድበታል፤ ሲመለስ ደግሞ የሚያገኘው የነበረበትን ብቻ ነው፤ ትርፍ የለውም። ሦስተኛው የከልክ ያለፈ ልምምድ ሕመም ነው። አቅም ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ፣ ወድቆ ይቀራል፤ እንቅልፍ፣ ስሜት፣ ሆርሞንና በሽታን የመከላከል አቅም አብረው ይናጋሉ። የስፖርት ሕይወታቸው በዚሁ የሚያበቃ ሰዎች አሉ።

ልብ በሉ፤ በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ያለው ድንበር የሚለካው በሕመሙ ብርታት አይደለም። የሚለካው ለመመለስ በሚፈጀው ጊዜ ነው። እጅግ ከባድ ድካም በሦስት ቀን ከለቀቀ ጤናማ ድካም ነበር ማለት ነው። ለስለስ ያለ፣ «ምንም አይደል» የሚያሰኝ ድካም ሦስት ሳምንት ከቆየ ግን ጤናማ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ብስክሌተኞች መለየት ያልተቻለውም ለዚህ ነው፤ መልሱ ያለው ሐሙስ ዕለት ነው። «ዛሬ ምን ያህል ደከመኝ?» ከማለት «ካረፍሁ በኋላ ምን ሆንሁ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ብስክሌተኞች ለምን የበለጠ ይጋለጣሉ?

ሯጭ ሲያበዛ ሰውነቱ ቶሎ ይጮኻል። እያንዳንዱ እርምጃ ክብደቱን መሬት ላይ ስለሚያሳርፈው ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ወይም ጅማት ያመዋል፤ ሳይወድ በግድ ይቆማል። ብስክሌተኛ ግን ክብደቱን ኮርቻው ይሸከምለታል። ፔዳል መምታት መሬት ላይ እንደ መውደቅ አይደለም፤ ጡንቻን የሚጎዳው በጣም ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ሯጭ በማይችለው መጠን ሰዓታትን መደራረብ ይቻላል፤ በሙያው የሚኖሩ ብስክሌተኞች በሳምንት 25 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጋልባሉ።

ይህ የስፖርቱ በረከት ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። መገጣጠሚያው ስለማይጮህ ሰውየው ገደቡን ያለፈው ሳያውቅ ነው። የሚያመው ቦታ ስለሌለ «በቃኝ» የሚልበት ምክንያት አያገኝም፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ያልሠራ እየመሰለው ይጨምራል። ሰነፍ ሰው እዚህ ሕመም ውስጥ አይገባም። የሚገባው ታታሪው ነው፤ መከራውም መድኃኒት ብሎ የሚወስደው ነገር በሽታው ራሱ መሆኑ ነው።

የልብ ምቴ ይነግረኛል?

ይነግራል፤ ግን ብዙ ሰው መልእክቱን ገልብጦ ያነበዋል። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በብዛት የሚታወቀው ምክር «ጠዋት ከአልጋ ሳትነሣ የልብ ምትህን ቁጠር፤ ከወትሮው ከፍ ካለ አርፈህ ዋል» የሚለው ነው። ምክሩ ዋጋ አለው። የእጅ አንጓ ወይም አንገት ላይ ጣት አኑሮ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ማንም ይችላል። ነገር ግን የጠዋት ምት በትኩሳት፣ በውኃ ጥም፣ በትናንት ምሽት መጠጥ፣ በሙቀትና በጭንቀትም ይጨምራል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት መጥቶ 2,300 ሜትር በሚያልፈው የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በሁለተኛው ቀን ብስክሌት ያወጣ ሰውም ምቱ ከፍ ብሎ፣ እንቅልፉ ተቆራርጦ፣ ጉልበቱ ቀንሶ ሊያገኘው ይችላል። ይህ የቀጭኑ አየር ሥራ ነው፤ ከልክ ያለፈ ልምምድ አይደለም። ሰውነቱ እስኪለምድ ለስለስ ብሎ መጋለብ ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ጠዋት ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ተከታትሎ የተመዘገበ የብዙ ጠዋት ምት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግልቢያ ላይ የሚታየው ምት ነው። አንድ ብስክሌተኛ በ200 ዋት ሲገፋ ልቡ በደቂቃ 150 ጊዜ ይመታ ነበር እንበል። ዋት ማለት ፔዳሉን በምን ያህል ኃይል እንደምንገፋ የሚናገር መለኪያ ነው። ከሦስት ሳምንት ከባድ ልምምድ በኋላ በዚያው 200 ዋት ምቱ 141 ሆነ። ልጁ ይደሰታል፤ «ልቤ በረታ» ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የደከመ ሰው ልብም በልምምድ ላይ እንዲሁ ዝቅ ይላል። በጫና የተወጠረ ሰውነት ልብን የሚቀሰቅሰውን ትእዛዝ ያዳክማል፤ ምቱ እንደ ልብ አልወጣ ይላል፤ ከፍተኛው ምት ራሱ ከበፊቱ ይወርዳል። የሦስት ሳምንት ውድድር የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች በመጨረሻው ሳምንት ልባቸውን ወደ ላይ ማድረስ እንደሚያቅታቸው በደንብ ይታወቃል።

ታዲያ በርትቶ የወረደውን ምት ደክሞ ከወረደው በምን እንለየዋለን? እግርን በመጠየቅ። ምቱ ወርዶ ሥራው ከቀለለ ሰውየው በርትቷል። ምቱ ወርዶ ሥራው ከከበደ ደክሟል። ከሰዓቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም፤ ቁጥሩን ከስሜቱ ጋር የሚያነብ ይለያቸዋል።

ስሜትን በቁጥር ለማስፈር የሚረዳ የቆየ ዘዴ አለ። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ልፋት ምን ያህል እንደከበደ ከ6 እስከ 20 ባለው መለኪያ ሰዎች ራሳቸው እንዲናገሩ አደረገ። አሜሪካዊው ካርል ፎስተር ከዚያ ቀለል አድርጎ ከልምምድ በኋላ ከ0 እስከ 10 ነጥብ እንዲሰጥና ነጥቡ በደቂቃው እንዲባዛ ሐሳብ አቀረበ። 120 ደቂቃ ጋልቦ 4 የሰጠ ሰው የቀኑ ጫና 480 ነው፤ 60 ደቂቃ ጋልቦ 8 የሰጠም ያው 480 ነው። የሳምንቱ ድምር ምን ያህል እንደወጣና እንደወረደ ለማየት እርሳስና ደብተር ይበቃል።

በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ሮበርት ላምበርትስና ባልደረቦቹ ለብስክሌተኞች ያዘጋጁት ፈተና ይህንኑ ሐሳብ ይከተላል። ብስክሌተኛው ከከፍተኛ የልብ ምቱ 60 በመቶ ላይ 6 ደቂቃ፣ 80 በመቶ ላይ 6 ደቂቃ፣ 90 በመቶ ላይ 3 ደቂቃ ይጋልብና ይቆማል። ከዚያ ሦስት ነገሮች አብረው ይታያሉ፦ ስንት ዋት ገፋ፣ ምን ያህል ከበደው፣ ልቡስ ካቆመ በኋላ በ60 ሰከንድ ስንት ወረደ። አንዱን ብቻ ነጥሎ ማየት እንደሚያሳስት ስለሚያውቁ ሦስቱን አንድ ላይ ያነባሉ። መሣሪያ የሌለው ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ወይም በሰፈሩ ያለውን አንድ የታወቀ አቀበት በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ማርሽ፣ ሳይሽቀዳደም ወጥቶ ደቂቃውን፣ ምቱንና የልፋት ነጥቡን ቢጽፍ ወደዚያው ይደርሳል።

ጠባዬ መለወጡ ምን አገናኘው?

በጣም ያገናኘዋል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ሞርጋን ዋናተኞችን ለዓመታት ሲከታተል፣ የልምምዱ ጫና በጨመረ ቁጥር ስሜታቸው ደረጃ በደረጃ ሲጨልም፣ ጫናው ሲቀንስም ሲበራ አይቷል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ሰዎችም አትሌቱ ስለራሱ የሚሰጠው ቃል ከብዙ የደምና የሆርሞን መለኪያዎች ይልቅ ጫናን ቀድሞና አጥርቶ እንደሚያሳይ አግኝተዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን የጠባይ ጉዳይ ብሎ ማለፍ አይገባም። ብስክሌቱን ሲያይ ልቡ የማይነሣ፣ በትንሽ ነገር ቤተሰቡ ላይ የሚቆጣ፣ ምግብ ፊት ሲቀርብለት የሚዘጋው፣ በተለይ ደግሞ ደክሞት ሳለ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው ሰውነቱ እየተናገረ ነው። ጤናማ ድካም እንቅልፍ ይጠራል። ድካሙ እንቅልፍ ሲከለክል ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ብዙ ጊዜ ይህን ቀድመው የሚያዩት እናት፣ ሚስት ወይም የመኝታ ክፍል ጓደኛ ናቸው። አሰልጣኞች እነሱን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ልምምዱ ነው የበዛው ወይስ ምግቡ ያነሰው?

«ልምምድ በዝቶብኛል» ከሚሉ ብዙዎች መካከል የአንዳንዶቹ ችግር ልምምዱ አይደለም፤ የሚበሉት ለሚሠሩት ሥራ አይበቃም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ሁኔታ አንጻራዊ የጉልበት እጥረት የሚል ስም ሰጥቶ ሰፊ ሰነድ አውጥቶበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከበላነው ላይ ግልቢያው የወሰደው ሲቀነስ የሚተርፈው ለልብ፣ ለአጥንት፣ ለሆርሞንና በሽታን ለመከላከል ካልበቃ ሰውነት እነዚህን ሥራዎች አንድ በአንድ ያጠፋል፤ ገንዘብ ያጠረው ቤት መብራትና ውኃ እንደሚቆጥበው። የሚታዩት ምልክቶች ከከልክ ያለፈ ልምምድ ጋር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፦ የማይለቅ ድካም፣ የአቅም መውረድ፣ ተደጋጋሚ ጉንፋን፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት። በሴቶች የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት ግልጽ ደወል ነው፤ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ሳያዩ መቆየት አይገባም። «ስፖርተኛ ስለሆንሽ ነው» የሚል መልስ ብዙ ልጃገረዶችን አጥንታቸው እስኪሳሳ አስጠብቋል።

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ከጾም ጋር ይገናኛል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙ ምእመን እስከ ከሰዓት በኋላ እህል አይቀምስም፣ ከዚያም በኋላ የሚመገበው የጾም ምግብ ነው። በረመዳን ደግሞ ውኃም የለም። ጾም የእምነት ጉዳይ ነው፤ እኔ የምናገረው ልምምዱ ከጾሙ ጋር እንዲስማማ ስለ ማድረግ ብቻ ነው። ጠዋት ባዶ ሆድ ሦስት ሰዓት ጋልቦ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ቢወድቅ ልምምዱን ብቻ መውቀስ ልክ አይሆንም። ጠንካራው ልምምድ ወደ መመገቢያው ሰዓት ቢጠጋ፣ በጾሙ ወራት የሰዓቱ ብዛት ቢቀንስ፣ ከመጾሚያው ሰዓት በኋላ ሽሮው፣ ምስሩና እንጀራው ከአንድ ጊዜ በላይ ቢቀርብ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ብረትም አለ። ብረት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር የሚሠራበት ማዕድን ነው። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት ከሥጋው ይልቅ በጥቂቱ ነው የሚወስደው፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ያንንም ይቀንሰዋል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ብርቱካን ያግዙታል። ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው። ደም ማነስ ገና ሳይመጣ የብረት ክምችት ሊያልቅ ስለሚችል ሐኪሙን ፌሪቲን የሚባለውን የክምችት መለኪያ ጨምሮ እንዲያይ መጠየቅ ይበጃል። ያለ ምርመራ የብረት ክኒን መዋጥ ግን አይገባም፤ ሲበዛ ይጎዳል።

በሽታ ቢሆንስ?

ከልክ ያለፈ ልምምድ የሚታወቅበት አንድ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። ሐኪሙ እዚያ ስም ላይ የሚደርሰው ሌላውን ሁሉ ካገለለ በኋላ ነው። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ስኳር በሽታ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ወባ፣ ታይፎይድ፣ የአንጀት ጥገኛ ትሎች፣ ድባቴ፤ ሁሉም «እግሬ ባዶ ሆነ» ሊያሰኙ ይችላሉ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ሳምንታት የቆየ ሳል ካለ ስለ ልምምድ ማሰብ ትቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የደረት ሕመም ወይም በግልቢያ ላይ ራስን መሳት ካለ ደግሞ በዚያው ቀን።

ብሪታንያዊውን ማርክ ካቬንዲሽን ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤፕስታይን ባር የሚባል፣ ብርቱ ድካም የሚያስከትል ቫይረስ እንዳለበት ታወቀ፤ በ2018 ሕመሙ ተመልሶ ከውድድር አስወጣው፤ በዚያው ጊዜ ድባቴም እንዳለበት በሐኪም ተነግሮታል። ዓመታት ያለ ድል አለፉ፤ ብዙዎች አብቅቶለታል አሉ። በ2021 በቱር ደ ፍራንስ አራት የዕለት ውድድሮች አሸንፎ የቤልጂየማዊውን የኤዲ መርክስን የ34 ዕለታዊ ድል ክብረ ወሰን ተካከለ፤ በ2024 ደግሞ 35ኛውን ጨመረ። ያኔ የጎደለው ትጋት አልነበረም፤ ታምሞ ነበር። በታመመ ሰውነት ላይ ልምምድ መጨመር የትም አያደርስም።

በቱር ደ ፍራንስ 21 ቀን የሚወዳደሩትስ እንዴት አይወድቁም?

እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በዚህ ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ያለፈበት ጉዞ ይህ ነው፦ 21 የውድድር ቀናት፣ ሁለት የእረፍት ቀናት፣ ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ። በከባድ የተራራ ቀን አንድ ብስክሌተኛ 6 ሺህ ኪሎ ካሎሪና ከዚያም በላይ ያቃጥላል፤ ያንኑ ያህል መልሶ መብላት አለበት። የሚያበስልለት፣ የሚያሸው፣ የሚመረምረው ሰው አለው። ከመንገዱ ሲወርድ የሚጠብቀው አልጋ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ወደዚያ የደረሰው ለዓመታት ቀስ በቀስ ጨምሮ ነው፤ ውድድሩ ሲያበቃም እረፍቱ አስቀድሞ በዕቅድ ውስጥ ተጽፏል።

እንዲያም ሆኖ እነሱም ይሰበራሉ። የ2017ቱን የጣሊያን ዙር ውድድር፣ ጂሮ ዲታሊያን፣ ያሸነፈው ኔዘርላንዳዊው ቶም ዱሙላን በጥር 2021 ከቡድኑ ካምፕ ወጥቶ ብስክሌቱን አቆመ። አርፎ ተመልሶ በዚያው ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሰዓት ሙከራ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት ውድድር፣ የብር ሜዳልያ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ግን ስንብቱን ሲያስታውቅ፣ ጫናው ከፍ ሲል ከመሻሻል ይልቅ ድካም፣ ሕመምና ጉዳት እንደሚደርስበት፣ የሚሰጠውና የሚያገኘው እንዳልተመጣጠነለት ተናገረ። ምን ሕመም እንደነበረበት ስም መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም። «ጫና ሲጨምር መሻሻል ቀርቶ መውረድ» የሚለው ገለጻ ግን እያንዳንዱ አሰልጣኝ በልጆቹ ላይ ሊፈልገው የሚገባ ምልክት ነው።

ስልኩ ላይ የባለሙያ ብስክሌተኛን ሳምንታዊ ልምምድ አይቶ የሚቀዳ ሰው የሚያየው ጭቃውን ብቻ ነው፤ ማድረቂያውን አያየውም። ቀን ስምንት ሰዓት ሥራ የሚሠራ፣ በታክሲ ሰልፍ የሚቆም፣ ማታ የሚማር ሰው ሰውነት የቢሮውን ጭንቀት ከዳገቱ ጫና ለይቶ አይመዘግብም፤ ሁለቱንም የሚከፍለው ከአንድ ኪስ ነው።

ስንት ቀን ልረፍ?

ድካሙ ገና ከሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን። እረፍት ማለት የግድ አልጋ ማለት አይደለም፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየተናገሩ መጋለብ በሚያስችል ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ሜዳ ላይ መንሸራሸር ይፈቀዳል። በሦስተኛው ቀን እግሩ ከተመለሰ ጉዳዩ አበቃ። ካልተመለሰ አንድ ሙሉ ሳምንት። «አቅሜን እስቲ ልፈትን» ብሎ በአራተኛው ቀን ዳገት ላይ መሽቀዳደም እረፍቱን ያፈርሰዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት አርፎ፣ በልቶና ተኝቶም ያልተመለሰ ሰው ሐኪም ጋ ይሂድ።

«ካረፍሁ የሠራሁት ይጠፋል» የሚለው ፍርሃት መሠረቱ ደካማ ነው። በአንድ ሳምንት የሚጠፋው እጅግ ጥቂት ነው፤ በግልጽ የሚታይ መውረድ የሚመጣው ልምምድ ጨርሶ ለሳምንታት ሲቋረጥ ነው። ታላላቅ ውድድር ሲቃረብ አትሌቶች ለሁለት ሳምንት ያህል የሰዓታቸውን ብዛት ግማሽ ገደማ የሚቀንሱት ከዚህ የተነሣ ነው፤ በዚያ ጊዜ አቅም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አስቀድሞ ለመከላከል ብዙ አሰልጣኞች ሦስት ሳምንት እየጨመሩ በአራተኛው ይቀንሳሉ። እኔ ከዚህም በላይ የምመለከተው ቀላሉን ቀን ነው። ካርል ፎስተር ሁለት ነገሮች አስተውሏል። በየቀኑ አንድ ዓይነት ጫና የተሸከሙ አትሌቶች ቀላል ቀን ከሚያስገቡት ይልቅ ይታመማሉ፤ አሰልጣኝ «ቀላል» ብሎ ያዘዘውን ቀን ደግሞ አትሌቶች ከታዘዘው በላይ አክብደው ይሠሩታል። በቡድን ስንጋልብ አንዱ ትንሽ ሲፈጥን ሌላው ይከተላል፤ ቀላሉ ቀን ሳይታወቅ ውድድር ይሆናል። ቀላሉን ቀን ብቻውን የሚጋልብ ሰው ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቀማል።

ሐኪም ጋ ሲኬድ ደብተሩ ይያዝ፦ የጠዋት ምት፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የልፋት ነጥብ፣ የተጾመባቸው ቀናት፣ የተወሰዱ መድኃኒቶች። «ደከመኝ» ብሎ ብቻ የሚገባ ወጣት የቫይታሚን ክኒን ይዞ ሊወጣ ይችላል። «በዚህ ዳገት 22 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር፤ ከአምስት ሳምንት ወዲህ 26 ሆኗል፤ ሁለት ሳምንት አርፌም አልተለወጠም» የሚል ግን ምርመራውን ራሱ ይመራል።

የከልክ ያለፈ ልምምድ ሕመም መሆኑ ከታወቀ የሚታዘዝለት ልዩ መድኃኒት የለም። ልምምዱ ይቆማል ወይም እጅግ ይቀንሳል፣ ምግብና እንቅልፍ ይስተካከላሉ፣ ድባቴ ካለ ይታከማል። መመለሻው የሚጀምረው በአጭርና በለስላሳ ግልቢያ ነው፤ መጀመሪያ የሚጨመረው ደቂቃው ነው፣ ፍጥነቱ ከብዙ በኋላ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ የሚጠበቀው የሚቀጥለው ጠዋት ነው። እንቅልፉ ደህና ከሆነ፣ ምቱ በቦታው ካለ፣ ልብም ወደ ብስክሌቱ ካዘነበለ ሌላ አሥር ደቂቃ ይጨመራል፤ ካልሆነ ያለፈው ሳምንት ልክ ላይ ተመልሶ መቆየት ነው። ለአንዳንዱ ይህ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ ለአንዳንዱ ከመስቀል እስከ ፋሲካ።